ሦስትና ሦስት ስንት ነው? (ደብዳቤ ለልጄ)

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትንሹን ሳሉ ተወው ወይ? እኛ ደህና ነን፤ ያስቸገረን ውርጩ ብቻ ነው። ዛሬ አስተርዮ ማርያም ናት። እናትሽ ገና ሳይነጋ ነጠላዋን ደርባ ወጥታለች። ቤቱ ጭር ሲልልኝ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

እሁድ ስትደውዪ ብዙ አላወራሁሽም። ሳይከፋሽ አልቀረም። እናትሽም «ልጅቷ እያለቀሰች አንተ እህ እህ ብቻ?» ብላ ተቆጥታኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ በሬዲዮ ሳወራ ኖሬ ስልክ ላይ ቃል ያጥረኛል፤ ይኸው ነው አመሌ። ዝም ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለ ግን። እሱን ወደ ኋላ ላይ እነግርሻለሁ።

በቴሌግራም የላክሽልኝን የእድገት ማስታወቂያ መነጽሬን አድርጌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከምክትል ኢንስፔክተር ወደ ኢንስፔክተር፣ በቴክኒክ አገልግሎት፣ «በሙያው ቢያንስ የስድስት ወር ስልጠና የወሰደ/ች» ይላል። አንቺ ያለሽ የሦስት ወር የሬዲዮ ጥገና፣ የሁለት ወር የኔትወርክና የሁለት ወር የካሜራ ስልጠና ነው። ሲደመር ሰባት ወር። ኮሚቴው ደግሞ «ስድስቱ ወር በአንድ ስልጠና፣ በተከታታይ መሆን አለበት» አለሽ። የት ላይ ተጽፎ? ማስታወቂያው ላይ የለም። መመሪያው ላይም የለም።

አብሮሽ የተወዳደረው ልጅ ደግሞ በስድስት ወር የአመራር ስልጠና አለፈ። ወሩ ሞልቶለታል፣ እውነት ነው። «በሙያው» የሚለውን ቃል ግን ማን ጠየቀው? ባንቺ ላይ ያልተጻፈውን ጨመሩ፤ ለሱ የተጻፈውን ዘለሉ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ጥልቅ ምስጢር የለውም።

ልጁን ግን እንዳትቀየሚው። ማስታወቂያ ወጣ፣ ያለውን ወረቀት አስገባ፣ አለፈ። አንቺም ብትሆኚ ታስገቢ ነበር። የአመራር ስልጠናውም ከንቱ አይደለም። ኢንስፔክተር ማለት ሰው የሚያዝ ነው፤ ሬዲዮ ስለጠገንሽ ብቻ ሃያ ሰው መምራት ትችያለሽ ማለት አይደለም። በኛም ጊዜ መሣሪያ ፊት እጁ የሚናገር፣ ሰው ፊት ግን ምላሱ የሚተሳሰር ስንት ቴክኒሻን አይቻለሁ። እኔ ራሴ አንዱ ነበርኩ። ብጠየቅ ኖሮ ለቴክኒክ ሰው ከማዕረጉ ሌላ የራሱ የሙያ መሰላል ይሠራለት እል ነበር፤ ጥሩ ጠጋኝ ደመወዙ እንዲያድግ ብሎ የግድ አዛዥ እንዳይሆን። ማን ጠይቆኝ።

አሁን ወደዚያ ወደ ዝምታዬ ልምጣ።

«ስድስት ወር» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አትሳቂ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ አንቺ ገና ተማሪ ሳለሽ፣ እኔ በምሠራበት ቦታ የእድገት ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ያኔ «ስልጠና የወሰደ» የሚል ብቻ ነበር መስፈርቱ። የሚቀርብልንን ብታዪ! የአምስት ቀን ዎርክሾፕ፣ የሁለት ቀን ሴሚናር፣ ሻይና ቆሎ ተበልቶ የተሰጠ ሰርተፊኬት ሁሉ ይመጣል። አንዱ ስለ ንጽህና አጠባበቅ የተሰጠ የግማሽ ቀን ትምህርት ሰርተፊኬት ለሬዲዮ ክፍል እድገት አቀረበ። ርዕሱ ላይ «ስልጠና» ይላል፣ ማኅተም አለው፣ ምን ትዪዋለሽ? ሰብሳቢው በንዴት «አንድ ቁጥር አስቀምጥና ገላግለን» አለኝ። እኔም «በሙያው ቢያንስ የስድስት ወር ስልጠና» ብዬ ጻፍኩ። ለምን ስድስት? እውነቱን ልንገርሽ፣ ደህና ቁጥር መሰለኝ። «በድምር» አላልኩም። «በተከታታይ» አላልኩም። እንደዚያ የሚያከራክር ነገር ይመጣል ብዬም አላሰብኩም።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ሐረግ ከመመሪያ ወደ መመሪያ ስትገለበጥ ኖረች መሰለኝ። ያንቺ መሥሪያ ቤት የኔ አይደለም፤ ቃሉ ግን ቃል በቃል የኔ ነው። ማስታወቂያውን ሳነብ የገዛ ድምፄን በሬዲዮ ሲመልሱልኝ የሰማሁ ያህል ነው የደነገጥኩት።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። መስፈርቱ በወጣ በመጀመሪያው ዙር አንድ ዋና ሳጅን ተወዳደረ። እጁን ብታዪው! አንድ ክረምት ተራራ ላይ ያለ ሪፒተር፣ የሬዲዮ ድምፅ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው መሣሪያ፣ ጠፋብን፤ ሁለት ሰው ሄዶ ሣጥኑን ፈትቶ ገጥሞ «ተቃጥሏል» ብሎ ተመለሰ። እሱ ሄደ። ሣጥኑን አልነካም። በቀጥታ አንቴናው ሥር ሄዶ የኬብሉን ኮኔክተር በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ፤ ውስጡ ውሃ ገብቶ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። መብራት የለም። ከሰል አቀጣጥሎ መበየጃውን ፍሙ ላይ አጋለ። ከኬብሉ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ ጣለ፣ መዳቡ እስኪያብረቀርቅ ላጠው፣ አዲስ ራስ በየደለት፣ በላዩ ላይ የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጦ ጠቀለለበት፣ ውሃ እንዳይገባ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ድምፁ መጣ። «ትሰሙኛላችሁ?» አለ። ያን ቀን ቢሮው በጭብጨባ ነው የተናጋው።

ይሄ ሰው ሁለት የሦስት ወር ስልጠና ነበረው። ኮሚቴው ፊት ጠራነው። እኔ ነኝ የነገርኩት። «መስፈርቱ ስድስት ወር ነው፤ ያንተ ሦስት ሦስት ነው» አልኩት። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ «ሦስትና ሦስት ስንት ነው ጌታዬ?» አለኝ። ኮሚቴው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ስሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። በዚያው ማዕረግ ጡረታ ወጣ።

እሁድ አንቺ እያለቀስሽ «ሦስትና ሁለትና ሁለት ሰባት አይደለም ወይ አባዬ?» ስትዪኝ ምን እንድልሽ ነበር?

(ስለ ስድስት ወር ካነሳሁ አይቀር፦ ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ሰፈር መጥቶ ሲሰለጥን የተያዘለት ስድስት ወር ነበር። ድርጅቱ ኤ.ኤን.ሲ. ጠርቶት ሳይጨርስ ሄደ። እኛ ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ «ያላሟላ» ተብሎ ይመለስ ነበር።)

በይ አሁን ወደ ሥራው። ጎረቤታችን መምህሩ «የአስተዳደር ፍርድ ቤት ትክሰሳቸው» ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። ለሱ ይሠራለታል፤ አንቺ ግን ፖሊስ ነሽ። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የፌዴራል ፖሊስ አባላትን ከመንግሥት ሠራተኛ ትርጉም አውጥቷቸዋል። ክልሎችም የየራሳቸው የፖሊስ ሕግ አላቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የምታንኳኪው በር የራሳችሁ ቅሬታ ሰሚ ነው። ደንቡን አውጥተሽ የቅሬታ ጊዜው ስንት ቀን እንደሆነ ዛሬውኑ እዪ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በቀን ቆጠራ ነው። አልቅሶ፣ ተማክሮ፣ ሽማግሌ ልኮ ሲመለስ ቀኑ አልፎበታል።

በማመልከቻሽ ላይ ስለ ልጁ አንድም ቃል እንዳትጽፊ። «እገሌ እንዴት አለፈ» ካልሽ ነገሩ የሁለት ሰው ጠብ ይሆንና ያስታርቋችኋል። ቡና ትጠጣላችሁ፣ እድገቱ እዚያው ይቀራል። አንቺ የምትጠይቂው የቃል ትርጉም ነው። «በተከታታይ የሚለው በየትኛው አንቀጽ ላይ እንዳለ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። በሙያው የሚለው የአመራር ስልጠናን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ይሰጠኝ።» በቃ። አንድ ገጽ እንዳይሞላ። ረጅም ማመልከቻ ማንም አያነብም፤ እኔም ጸሐፊ ሳለሁ አላነብም ነበር። መዝገብ ቤት አስገቢና በቅጂሽ ላይ ቁጥርና ቀን አስመቺ። ለአለቃሽ ጸሐፊ እጅ በእጅ ሰጥተሽ እንዳትመለሺ።

ሰርተፊኬቶችሽ ላይ ሰዓት ተጽፏል? እኔ ያየሁት ፎቶ ላይ ከዚህ እስከዚህ ቀን ይላል እንጂ የሰዓት ብዛት የለውም። ወዳሰለጠኑሽ ቦታዎች ሂጂና የሰዓቱን ብዛት የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቂ። አንዱ በሳምንት ሁለት ቀን የተሰጠ ከሆነ «ሁለት ወር» የሚለው ሊያጋልጥሽ ይችላል፤ ቀድመሽ እወቂው። ለቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 የተፈተንሽበትን የብቃት ማረጋገጫም (ሲኦሲውን) አያይዢ። ሲኦሲ ስትፈተኚ «ስንት ወር ተማርሽ?» ያለሽ ሰው ነበር? የለም። መሣሪያውን አስቀምጠውልሽ «ሥሪው» ነው ያሉሽ። አገሪቱ ቴክኒክና ሙያን የምትመዝነው እንዲህ ከሆነ፣ የቴክኒክ ፖሊስ በወር የሚሰፈርበት ምክንያት ምን እንደሆነ ማስረዳት የነሱ ፋንታ ነው።

አንድ ወረቀት ግን ከሁሉም ይበልጣል። የዛሬ ሦስት ዓመት ለስድስት ወሩ ስልጠና ስምሽ ወጥቶ አልነበር? ትንሹ የአራት ወር ልጅ ነበር። ካምፕ ውስጥ ሕፃን ይዞ መግባት አይቻልም ተብሎ ቀረሽ። ያኔ «በሚቀጥለው ዙር ትላካለች» የሚል ደብዳቤ ሰጥተውሽ ነበር፤ እኔ ራሴ «አስቀምጪው» ብዬሻለሁ። የሚቀጥለው ዙር ሲመጣ የሌላ ሰው ስም ገባ። አየሽ፣ የእድገት ክርክር የሚጀምረው ማስታወቂያ የወጣ ቀን አይደለም። ለስልጠና ማን ይሂድ የተባለ ቀን ነው የሚያልቀው። ኮታው ሁለት ሰው ይሆናል፣ አለቃው ስም ይሞላል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ስም «ያሟላ» ይባላል፣ የቀረው «ያላሟላ»። እኔ ኮሚቴ ላይ ስቀመጥ አንድም ቀን «ይሄ ሰው ለምን አልተላከም?» ብዬ አልጠየቅኩም። ወረቀቱን ብቻ ነበር የማየው። ያን ደብዳቤ ፈልጊው፤ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ከክትባት ካርዱ ጋር ይመስለኛል።

ቅሬታ ሰሚው ዝም ካለሽ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በአዋጅ 211/1992 ነው የተቋቋመው፤ የአስተዳደር በደል ያያል። ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ ግን አይነካም፤ ስለዚህ ሁለቱን በሮች ባንድ ጊዜ እንዳታንኳኪ። እዚያ ሳይደርስ ያልቃል የሚል ተስፋ አለኝ። ላያልቅም ይችላል። ላንቺ አልዋሽም፤ በእውነት ተሟግተው በዚያው የቀሩ አውቃለሁ።

አምስተኛ ክፍል ሆነሽ ግቢያችን ውስጥ አንቴና ስንዘረጋ ትዝ ይልሻል? ሜትሩን አንቺ ነበርሽ የምትይዢው። የሽቦውን ርዝመት ለማግኘት 143ን ለድግግሞሹ አካፍዪ አልኩሽ፣ 7 ሜጋኸርዝ ነበር። በጣትሽ አፈር ላይ ጽፈሽ «20 ሜትር ከ43» አልሽኝ። እኔ በችኮላ 20 ላይ ልቆርጠው ስል እጄን ያዝሽኝ። «43ቷስ?» አልሽ። አሁንም ብትሆን እንዳትተያት።

ለኔ የቀረኝን ደግሞ ልንገርሽ። ያ ዋና ሳጅን ሸዋ ሮቢት ነው ያለው አሉ። መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ሪሲቨርና ስልክ ይጠግናል። ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ልሄድ አስቤያለሁ። እናትሽ «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ልትለው?» ትለኛለች። አላወቅኩም። ሬዲዮዬ ድምፁ እየተቆራረጠ ነው፤ እሱን ይዤ ልግባ መሰለኝ፣ ለሰበብ።

ማመልከቻውን ሳታስገቢ ረቂቁን ላኪልኝ፤ ቀይ እስክሪብቶ አልጠቀምም። ከሰዓት በኋላ ደውዪ፣ ጠዋት ጠዋት ኔትወርክ የለም። በርበሬውን እናትሽ አስፈጭታለች፤ አክስትሽ ስትመጣ ትይዝልሻለች። ትንሹን ሳሚልኝ።

አባትሽ