የሳይንስ ክበባችን ዓመት፦ ሁለት ፊኛ፣ አንድ ዚፕ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ርዕስ ሊፖዞም ነው። ስታፍ ውስጥ ወሬው ሲሰማ «ይሄ የዩኒቨርሲቲ ነገር ነው፤ ለእኛ ልጆች አይከብድም?» ያሉኝ ነበሩ። ምን እንደሠራን አንብባችሁ ፍረዱ።

ሊፖዞም ውሃ ውስጥ የምትንሳፈፍ፣ ሆዷም ውሃ የያዘ የቅባት ከረጢት ናት። ግድግዳዋ እንደ ሕዋስ ሽፋን ሁለት ረድፍ ቅባት ነው። ባለ 100 ናኖሜትሮቹን ብንደረድራቸው የአንዲት ፀጉር ውፍረት ወደ 1000 ይይዛል። እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲያጠናት የተጠቀመበት ቅባት ሌሲቲን ነበር። ሌሲቲን ደግሞ የእንቁላል አስኳል ውስጥ ሞልቷል።

ልጆቹን የያዛቸው ቀጥሎ ያለው ነው። ከረጢቷ ላይ «እጅ» መትከል ይቻላል። አንደኛዋ ላይ አጭር የዲኤንኤ ክር፣ ሌላዋ ላይ የእሱን ጥንድ። ከዲኤንኤ አራት ፊደላት ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ጋር ስለሚገጥም ሁለቱ ከብዙዎች መሃል ይተዋወቃሉ።

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተሰብስበናል። ቃለ ጉባኤው ፋይል ላይ አለ። አንድ ሐሙስ ግን ልንገራችሁ። የአንዱ ልጃችን እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቀጭ የሚለውን ወንዴና ሴቴ ቁልፍ ሰጡን። ሁለት ፊኛ እንደ ሊፖዞም ቆጥረን አንዱ ላይ ወንዴውን፣ ሌላው ላይ ሴቴውን ለጠፍን። ስናገናኛቸው ቀጭ! ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ብቻ አላጨበጨበችም። «ቲቸር፣ ተዋወቁ፣ ተጣበቁ። ግን አሁንም ሁለት ናቸው። ለምን አንድ አልሆኑም?»

እዚያው መመለስ አልቻልኩም። ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ ከረምኩ። ጥያቄዋ ተመራማሪዎቹንም ያደከመ ነው። ሁለት ሊፖዞሞች ሲቀራረቡ መሃላቸው ያለው ስስ ውሃ አልጨመቅ ይላል። ብዙ ጊዜ ተጣብቀው ይቀራሉ። አንዳንዴ የውጪው ረድፍ ብቻ ይቀላቀልና የውስጡ ለየብቻው ይሆናል።

ሚያዝያ ላይ ኮምቦልቻ ወርደን አንድ ላብራቶሪ ጎበኘን። የኮንትራት ሚኒባሱን ሂሳብ ወላጆችና ሦስት መምህራን አዋጥተን ነው የከፈልነው። አስጎብኚያችን ስላይድ ላይ የደረቀ ሌሲቲን አድርገው አንዲት ጠብታ ውሃ ጨመሩበት። በማይክሮስኮፑ ሲታይ ከቅባቱ ዳር ቱቦ ቱቦ የመሰለ ነገር ብቅ አለ፤ እየተጠማዘዘ አደገ። ማንም አልነካውም፤ ቅባቱ ውሃ ሲያገኝ ራሱን በራሱ ይደረድራል። ልጆቹ በሰልፍ እየተጋፉ አዩ።

ስንመለስ ሀረጎ ላይ ጉም ገባንበት። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ወገባቸው ላይ ያሰሩትን ጃኬት ሁሉም መልበስ ጀመሩ። ያቺ ልጅ ዚፗን ግማሽ ላይ አደረሰችና ቆመች። ከፈተችው። እንደገና ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ከኋላ ወንበር ጮኸች፦ «ቲቸር! ቁልፋችን አንድ ቦታ ብቻ ስለሚይዝ ነው! እጆቹ እንደ ዚፕ ከጫፋቸው ጀምረው ወደ ግድግዳው እየዘጉ ቢሄዱ ሁለቱን ጎትተው ያጣብቋቸዋል!»

ይህን ማንም አልነገራትም። ተመራማሪዎች በዲኤንኤ ክር ያዩት ግን ይሄንኑ ነው። ክሮቹ ከጫፍ ወደ ሽፋኑ ሲዘጉ ሊፖዞሞቹ ይዋሃዳሉ፤ አተካከሉ ሲገለበጥ ክሩ አራርቆ ይይዛቸዋል። በነርቮቻችን ውስጥም እንደ ዚፕ የሚዘጉ ፕሮቲኖች ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎቹ ሮትማን፣ ሼክማንና ሱድሆፍ ኖቤል የተሸለሙት ሕዋስ ጭነቱን በእንዲህ ያሉ ከረጢቶች እንዴት እንደሚያደርስ በማሳየታቸው ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

«ምን ይጠቅማል?» ላላችሁኝ፦ ከወሎ ለሰሊጥ ሥራ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወንድሞቻችንን በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር የተባለው በሽታ ይይዛቸዋል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ አምፎቴሪሲን ቢ ነው። ብቻውን ሲሰጥ ኩላሊት ይጎዳል፤ በሊፖዞም ውስጥ ሲሰጥ ጉዳቱ ይቀንሳል። መድኃኒት የያዘው ከረጢት ሕዋሱን ለይቶ እንዲያገኝና ከእሱ ጋር እንዲዋሃድ ማድረግ ገና የሚሠራ ሥራ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዱ የማይሠራው ለምንድን ነው?

ያልተሳካልንም አለ። በ31 ልጆች ጀምረን 19 ቀርተናል፤ ቱቶሪያሉ ከሐሙስ ጋር ተጋጨብን። የኮምቦልቻውን ሙከራ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ለመድገም ስንዘጋጅ የማይክሮስኮፑ አምፖል ተቃጠለ። ከሦስቱ ማይክሮስኮፖች የሚሠራው እሱ ብቻ ነበር። ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቀናል። ለክበባት ቀን ባነር የወጣው ገንዘብ ያንን አምፖል ገዝቶ ይተርፍ ነበር።

ለመጪው ዓመት ሦስት ነገር እንፈልጋለን፦ አምፖል፣ ጥቂት ሌሲቲን፣ የአንድ ቀን ሚኒባስ። መርዳት የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት ባዮሎጂ ክፍል ታገኙኛላችሁ። ልጆቹ ከአሮጌ ጃኬት ዚፕ የሠሩት ሞዴልም እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ዘግታችሁ ክፈቱት።