ስለ ቺክማጋሉር የቅዳሜና እሁድ ጉዞ የቀረበ ቅሬታ

ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ባንጋሎር፣ ሕንድ

ለአስጎብኚና የሕክምና ጉዞ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለነሐሴ 10 እና 11 ለሸጣችሁልን ጉዞ የከፈልነው ገንዘብ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

እናቴን ለጉልበት ሕክምና ባንጋሎር ያመጣኋት በእናንተ በኩል ነው። የቪዛውም የሆስፒታሉም ነገር በደንብ ተሠርቷል፤ ለዚያ ምስጋናዬን አልነፍግም። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው። ሕክምናው አልቆ የመጨረሻውን ቀጠሮ ስንጠብቅ፣ ወኪላችሁ "ክፍል ውስጥ ተዘግታችሁ ከምትውሉ" ብሎ አንድ ማስታወቂያ በቴሌግራም ላከልን። የደቡብ ሕንድ ቤተ መቅደሶችና ፏፏቴዎች፣ አማርኛ የሚችል አስጎብኚ፣ ሙሉ የጾም ምግብ፣ ደረጃ የማይበዛበት። ለሁለት ሰው 38,000 ብር። ገንዘቡን ወንድሜ ቢሯችሁ ድረስ ሄዶ ከፈለ።

ከፎቶው ልጀምር። ማስታወቂያው ላይ የለጠፋችሁት ፏፏቴ ጆግ ነው። እዚህ ባንጋሎር ባለችበት በካርናታካ ግዛት ውስጥ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። የሻራቫቲ ወንዝ በአራት ተከፍሎ 253 ሜትር ቁልቁል የሚወርድበት ነው፤ አራቱም የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ራጃ፣ ራኒ፣ ሮረር፣ ሮኬት። እናንተ ከሥሩ "ከማደሪያችሁ 30 ደቂቃ" ብላችሁ ጻፋችሁ። ማደሪያችን ተራራማዋና ቡና አብቃይዋ ቺክማጋሉር ነው። ከቺክማጋሉር ጆግ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ያውም የተራራ መንገድ። ከጆግ ባንጋሎር ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። በፕሮግራማችሁ መሠረት እሁድ ጠዋት ተራራ ወጥተን፣ ከሰዓት ጆግን አይተን፣ ለእራት ባንጋሎር ልንገባ ነበር። ይህን ፕሮግራም ያወጣው ሰው ስልኩ ላይ ካርታ የለውም?

አሁን ደግሞ ለጥምቀት ሰሞን ጉዞ ይኸንኑ ፎቶ ለጥፋችሁ አየሁ። ጆግ እንዲያ የሚያገሳው በክረምት ነው። ከላዩ የሊንጋናማኪ ግድብ አለ፤ በበጋ ውሃው ለመብራት ኃይል ስለሚያዝ ቋጥኙ ላይ የሚቀረው ቀጭን ነገር ነው። ጢስ ዓባይን የተሳሳተ ወቅት ላይ ሄዶ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። እባካችሁ ሌላ ሰው አታታልሉ።

ቅዳሜ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ "መነሻ 12፡00" ይላል። እኛ በአገራችን ሰዓት አንብበን በሌሊት ተነስተን ሻንጣ ይዘን በር ላይ ቆምን። ሾፌሩ የለም። ስደውልለት በእንቅልፍ ድምፅ አነሳው። ለእሱ የተነገረው በእነሱ 12 ሰዓት፣ ማለትም እኩለ ቀን ላይ እንዲመጣ ነው። አበሻ ደንበኛ ሰብስቦ ውጭ አገር የሚልክ ድርጅት ይህቺን የስድስት ሰዓት ልዩነት ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? ምስኪኑ ፊቱን በቅጡ ሳይታጠብ ነው መሰል በጥድፊያ መጣ። ስንነሳ 3 ሰዓት ሆኖ ነበር።

ያ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እንደ ሌላው አልነበረም። ዓርብ በእነሱ ኦገስት 15 ነው፤ የሕንድ የነፃነት ቀን። ሦስት ቀን እረፍት ያገኘ የባንጋሎር ሰው መኪናውን አስነስቶ ወደ ተራራው ይወጣል። ኔላማንጋላ ላይ፣ ገና ከከተማው ሳንርቅ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህ በዓል በየዓመቱ በዚያው ቀን የሚውል ነው። ወኪላችሁ ባንጋሎር እየኖረ አልሰማሁም ማለት አይችልም። ይልቅስ "ሳምንት ይሻላል" ብትሉን ኖሮ ደስ እያለን እንጠብቅ ነበር።

ቤሉር ስንደርስ 8 ሰዓት አልፏል። የቼናኬሻቫ ቤተ መቅደስ ሰው የሚሰግድበት ቤት ነው፤ ቅድስተ ቅዱሳኑ በምሳ ሰዓት ይዘጋል። እኛም በሰዓታችን ብንነሳ ኖሮ ክፍት ሆኖ እናገኘው ነበር። "አማርኛ የሚችለው አስጎብኚ" የተባለው ልጅ ደግሞ ባንጋሎር የሚማር ተማሪ ነው። ፈተና ላይ ስለነበር "ጥያቄ ካላችሁ ደውሉልኝ" አለን። ኔትወርክ አልነበረም። በር ላይ ከቆሙት አስጎብኚዎች አንዱን በራሴ ገንዘብ ይዤ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ እኔ ለእናቴ እየተረጎምኩ ዞርን።

ቤሉር ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለብቻው ሁለት ቀን የሚገባው ቦታ ነው። የሆይሳላ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ቪሽኑቫርዳና ያሠራው ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1117 ላይ ተመረቀ። ድንጋዩ ሲወጣ ለስላሳ ነው አሉን፤ ነፋስ ሲያገኘው ይጠነክራል። ለዚህ ነው እንደዚያ የተቀረጸው። ከግድግዳው ግርጌ ዝሆኖች ተሰልፈው ዙሪያውን ይሄዳሉ። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ካሉት ሴቶች አንዷ መስታወት ይዛ ራሷን ታያለች፤ የአንገቷ ዶቃ ፍሬ በፍሬ የተፈለፈለ ነው። እናቴ መጀመሪያ "ጣዖት ቤት አልገባም፣ ያውም በፍልሰታ" ብላ ነበር። ግቢው ውስጥ ጥላ ይዛ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ስታየው ቆየችና፣ ላሊበላን ደጋግማ የተሳለመች ሴት፣ "ይኼም በድንጋይ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ሥራ ነው" አለች። እንዲህ ያለውን ቦታ ነው እናንተ በማስታወቂያው ላይ "የጥንት ቤተ መቅደስ፣ 40 ደቂቃ" ብላችሁ ያለፋችሁት። በአውሮፓውያኑ 2023 ዩኔስኮ ከሃሌቢዱና ከሶማናታፑራ ቤተ መቅደሶች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እሱን እንኳ አልጻፋችሁም።

ጫማ በር ላይ ይወለቃል። ክረምት ነው፤ ግቢው በሙሉ የረጠበ ድንጋይ ነው። ጉልበቷን የታከመች ሴት በባዶ እግሯ ያንን ስትረግጥ እኔ ክንዷን ይዤ እንቀጠቀጥ ነበር። "ወፍራም ካልሲ ያዙ" ብሎ መጻፍ ስንት ብር ይፈጃል?

በደረሰኙ ላይ ደግሞ "የቤተ መቅደሶች መግቢያ፣ 4,000 ብር" የሚል አለ። ቤሉርም ሃሌቢዱም በነፃ ነው የገባነው። ትኬት የጠየቀን የለም። ጫማ ለሚጠብቀው ሰው የሰጠነው ሳንቲም ካልሆነ በቀር አንድም ነገር አልተከፈለም። ይህ 4,000 ብር የት ገባ? ለወኪላችሁ ይህን ጠይቄው እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።

ሃሌቢዱ የደረስነው ሊዘጋ ሲል ነው። ጠባቂው ፉጨት እየነፋ ሰው ሲያስወጣ፣ እኛ ስንገባ። ስለዚህ ስለሃሌቢዱ የምለው የለኝም።

ወደ ምግቡ ልምጣ። እናቴ ፍልሰታን ጿሚ መሆኗን በጽሑፍ ነግሬያችኋለሁ። በመታመሟ ነፍስ አባቷ ሰዓቱን ፈቅደውላታል፤ ጥሉላቱን ግን አትነካም። እናንተም "ሕንድ እኮ ሙሉ የጾም አገር ነው" ብላችሁ አሳመናችሁን። አይደለም! እዚህ ሥጋ የሌለው ማለት ወተት፣ እርጎና ቅቤ የሞላበት ማለት ነው። ያስያዛችሁልን ምግብ ቤት ያቀረበው ሩዝ በእርጎ የተለወሰ፣ ዶሳ የሚሉት የሩዝ ቂጣም በቅቤ የተቀባ ነበር። ቡናው ሳይቀር በወተት ነው የሚፈላው። እናቴ ቡና አገር ገብታ አንድ ስኒ ቡና ሳትጠጣ ዋለች። ያዳናት ሾፌሩ ነው። በየመንገዱ እየቆመ ኢድሊና ሙዝ ገዛላት፤ ኢድሊ በእንፋሎት የበሰለ የሩዝና የጥራጥሬ ሊጥ ነው፣ ቅቤ የለበትም። ለዚህም የከፈልነው እኛ ነን።

ከሁሉም የከፋው ማታ መጣ። ማደሪያው በቡና እርሻ መሀል ያለ የቤተሰብ ማረፊያ ነው። ቤቱ ያምራል። ቁንዶ በርበሬው ዛፉን ተጠምጥሞ ወጥቷል፣ ቡናው ከሥሩ ነው። ደርሰን ሻንጣ ስናወርድ የማረፊያው ባለቤት ሴትዮ ፓስፖርታችንን ስታይ ደነገጠች። ሕንድ ውስጥ የውጭ ዜጋ የሚያሳድር ሁሉ፣ ሆቴልም ይሁን ግለሰብ ቤት፣ እንግዳውን በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማስመዝገብ አለበት። እሷ ለዚያ አልተመዘገበችም። ቦታውን ለእኛ የያዘው ሰው የውጭ አገር ሰዎች መሆናችንን አልነገራትም፤ ሁለት እንግዶች ብቻ ነው ያለው። ብታሳድረን የምትቀጣው እሷ ናት። ደጋግማ ይቅርታ ጠየቀች፤ እኔም አልፈረድኩባትም።

ማደሪያው ያለበት ተራራ ባባ ቡዳን ይባላል። የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፦ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባባ ቡዳን የሚባሉ ሱፊ ከየመን ሰባት ፍሬ ቡና ደብቀው አምጥተው እዚያ ተከሉ። የእኛ አገር ቡና ተደብቆ ገብቶ ጋራውን ሞላው። እኛ ፓስፖርትና ቪዛ ይዘን ማደሪያ አጣን። በዝናብ፣ በጨለማ፣ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ከተማው ወርደን በየሆቴሉ "ሞልቷል" እየተባልን ስንዞር ከምሽቱ 5 ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ የተገኘው አልጋ በበዓሉ ምክንያት ዋጋው እጥፍ ነበር። ደረሰኙን አያይዣለሁ። ወኪላችሁን ደጋግሜ ደወልኩለት፤ ጠዋት "ስልኬ ተዘግቶ ነበር" ብሎ መልእክት ላከ።

እሁድ ሙላያናጊሪ። የካርናታካ ከፍተኛው ተራራ ነው፣ 1,930 ሜትር። በከፍታ አዲስ አበባ ትበልጠዋለች፤ ይሁን። መኪና ከሚቆምበት እስከ ጫፉ ግን ደረጃ ነው። "ደረጃ የማይበዛበት" ያላችሁት ይህንን ነው? እናቴ መኪና ውስጥ ቀረች፣ እኔም ጉም አይቼ ተመለስኩ። ሄቤ ፏፏቴ ደግሞ "መኪና እስከ ሥሩ ይደርሳል" ተብሎልናል። የሚደርሰው ለብቻው የሚከፈልበት ጂፕ ነው፤ ከዚያም በኋላ በእግር ይኬዳል፣ በክረምት አልቅት አለ። ሾፌሩ የጂፑን መንገድ ቪዲዮ ስልኩ ላይ አሳየኝ። ሰው ከወንበሩ እየተነሳ ጣሪያውን ይመታል። እናቴን እዚያ ላይ ብጭናት ሐኪሟ ምን ይለኛል? ተውነው።

ያየነው ብቸኛ ፏፏቴ ካላቲጊሪ ነው። በፕሮግራማችሁ ውስጥ የለም፤ ሾፌሩ ነው "አንድ ቦታ ላሳያችሁ" ብሎ የወሰደን። ከመንገዱ ብዙም አያስኬድም። ውሃው ከገደሉ ወርዶ በአንድ ትንሽ የቪራባድራ ቤተ መቅደስ ደጅ ያልፋል፤ ሰዉ ከነልብሱ ሥሩ ይቆማል። እናቴ "ጠበል እኮ ነው" አለችና ሳቀች። በሁለቱ ቀን የሳቀችው ያኔ ነው። እባካችሁ ለሾፌሩ የሚገባውን ክፈሉት፤ ከዚህ ቅሬታ አንዱም እሱን አይነካም።

ባንጋሎር የገባነው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ እንዳለን ታውቁ ነበር። እናቴ ጉልበቷ አብጦ ነው የቀረበችው። ሐኪሙ በረዶ እንድትይዝበትና እንድታርፍ አዘዘ፤ እግዚአብሔር ይመስገን የከፋ ነገር የለም።

ወኪላችሁ ሲደወልለት የሰጠኝ መልስ "ዝናቡን እኛ አላመጣነውም፣ ሕንድ ደግሞ እንዲህ ነው" የሚል ነው። እኔ ስለ ዝናብ አልከሰስኳችሁም። የእነሱም ክረምት እንደ እኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ዝናብ እንደሚጥል አውቀን ነው የሄድነው። የምከሳችሁ ሳታውቁት ስለሸጣችሁት ነገር ነው። ርቀቱን፣ ሰዓቱን፣ በዓሉን፣ የአገሩን ሕግ አንዱንም አላጣራችሁም። የመግቢያውን ክፍያ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሳታውቁ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ የመግቢያው 4,000 ብር፣ ያላደርንበት ማደሪያ ክፍያ፣ ያልመጣው አስጎብኚ ክፍያ እና ያልቀረበልን የጾም ምግብ ዋጋ ይመለስልን። ለሆቴሉ ከኪሳችን ያወጣነው ልዩነትም እንዲሁ። የጆግን ፎቶ ከማስታወቂያችሁ ላይ አንሱ፤ ወይም ጆግ የሚሄድ ጉዞ አዘጋጁ። ከዛሬ ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አቤቱታዬን ለንግድ ቢሮ አቀርባለሁ። አሳሳች ማስታወቂያ በአዋጁ የተከለከለ ነው።

የክፍያ ደረሰኙን፣ በቴሌግራም የላካችሁልንን ፕሮግራም፣ የቺክማጋሉሩን ሆቴል ደረሰኝና የሐኪሙን ወረቀት ቅጂ አያይዣለሁ። ገንዘቡን ክፍያውን በፈጸመው ወንድሜ ሒሳብ አስገቡ። መልሱን በጽሑፍ ላኩልኝ፤ ወኪላችሁ በስልክ እንዲያነጋግረኝ አልፈልግም።

ከሰላምታ ጋር፣
ደንበኛችሁ
(ስምና ፊርማ ከደረሰኙ ጋር ተያይዟል)