የመሬቱ መስፋት ሲዘገብ ፍጥነቱም አብሮ ይነገር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ እኛ እስከምንኖርበት እስከ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በተሰማ ጊዜ፣ ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን አቅፈው በሌሊት ደረጃ ሲወርዱ አይቻለሁ። ያን ሰሞን አፍሪካ ለሁለት ልትከፈልና በመካከሏ አዲስ ባሕር ሊፈጠር እንደሆነ የሚገልጹ ዜናዎች በየቦታው ይነበቡ ስለነበር፣ አንዲት እናት «መምህር፣ ባሕሩ እኛ ዘንድ የሚደርሰው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለረጅም ዘመን ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ዜናው ሐሰት አልነበረም፤ ፍጥነቱን ግን አልነገራቸውም።

ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሚሰፋው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ100 ዓመት ቢሰላ አንድ ክንድ ያህል መሆኑ ነው። ፕሌት የሚባሉት ግዙፍ የምድር ገጽ ሰሌዳዎች፣ በምዕራብ ያለው የኑቢያ ፕሌትና በምሥራቅ ያለው የሶማሊያ ፕሌት፣ እየተራራቁ ሲሄዱ በመካከላቸው ያለው የምድር ቅርፊት ይሳሳል፣ ከሥሩ ያለው የጋለ አለት ወደ ላይ ይነሣል፣ ጫናውም ሲቀንስለት ከፊሉ ይቀልጣል። ቅልጡ በስንጥቁ ገብቶ ሲረጋ ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ይሆናል። የውቅያኖስ ወለል የሚፈጠረውም በዚሁ መንገድ ነው፦ አዲሱ በመካከል ይወለዳል፣ ቀድሞ የተወለደው ወደ ግራና ቀኝ ይገፋል። ይህ አዲስ ወለል ከአህጉር ቅርፊት ይልቅ ስስና ከባድ ስለሆነ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ ውኃ የሚተኛበትም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ የዓረቢያ ፕሌት፣ ከሁለቱ ጋር በሚገናኝበት በአፋር ይህ ሥራ ጎልቶ ይታያል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ክፍል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ይህ ግን ከላይ ያልሁትን ዝግታ አያፈርሰውም፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲወጠር የኖረው መሬት ቅልጥ አለት ሲገባበት በአንድ ጊዜ ለቀቀ። ባሕሩ ደግሞ በዚያ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ፣ ቀይ ባሕር ወደ ዳናክል ዝቅተኛ ቦታ ገብቶ ሲደርቅ ከተወው ጨው የተቆረጠ ነው።

ከሰፈራችን የሚታዩት የረርና ዝቋላም አሮጌ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። በየግንባታው የሚጠረበው ጥቁር ድንጋይም ከውቅያኖስ ወለል ጋር አንድ ወገን ባዛልት መሆኑን ለተማሪዎቼ ስነግር እያነሡ ሲያገላብጡት ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ አዘጋጁን የምለምነው፣ ወደፊት እንዲህ ያለ ዜና ሲወጣ የመስፋቱ ፍጥነት በቁጥር አብሮ እንዲታተም፣ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር መምህራንም ሕዝቡ በሚረዳው አማርኛ እንዲያብራሩት ነው። ባሕሩ ሚሊዮኖች ዓመታት የሚፈልግ ነገር ሲሆን ንዝረቱ ግን ነገ ሊመጣ ይችላል፤ ጎረቤቶቼም ያን ሌሊት ማወቅ የነበረባቸው የሕንፃቸው ምሰሶ ንዝረት እንዲችል ሆኖ መሠራት አለመሠራቱንና ወጥተው የሚቆሙበትን ገላጣ ቦታ ነበር። ይህን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ብታወጡልን በየብሎኩ መግቢያ እኔው ራሴ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር፣ ከቱሉ ዲምቱ