«ኢትዮጵያ»ን ለቀረጹት ለወይዘሮ ሜታ ፉለር መታሰቢያ፦ የድጋፍ ጥሪ

በቦስተንና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ እንዲሁም ይህን ጥሪ በሌላ ከተማ ሆናችሁ ለምታነቡ ወገኖቻችን፤

ከቦስተን በስተምዕራብ በምትገኘው በፍራሚንግሃም ከተማ ለረጅም ዘመን የኖሩት ጥቁር አሜሪካዊት ቀራጺ ሜታ ቮ ዋሪክ ፉለር እ.ኤ.አ. በ1921 ኒው ዮርክ ውስጥ ለተካሄደ ትልቅ ኤግዚቢሽን አንዲት ሴት ቀርጸው ስሟን «ኢትዮጵያ» አሏት። ጊዜው ከዓድዋ ድል 25 ዓመት በኋላ፣ ከፋሺስት ወረራ 14 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እኒህን ሴት የሚዘክር፣ የቅጂው ቁጥር የተወሰነ የኅትመት ሥራ ለማዘጋጀት የተነሳን ጥቂት ሰዎች ስለሆንን ድጋፋችሁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ሐውልቷን በፎቶግራፍ እንኳ አይታችሁ ለማታውቁ፣ ሴትየዋ የቆመች ናት። ከወገቧ በታች የጥንት ግብፃውያን ለቀብር እንደሚያዘጋጁት አስከሬን በጨርቅ ተጠቅልላለች፤ ከወገቧ በላይ ግን እስራቱ ተፈቷል፣ ፊቷን ወደ ጎን መለስ አድርጋለች፣ አንድ እጇም ደረቷ ላይ አርፏል። ራሷ ላይ የደፋችው የፈርዖኖችን የራስ መሸፈኛ ነው፤ ይኸው መሸፈኛ በመካከላችን «ይህማ ግብፅ እንጂ የት ኢትዮጵያ ሆነ?» የሚል ክርክር አስነስቶ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ስማችንን ያወቁት ከሁሉ በፊት ከመዝሙረ ዳዊት ነው፤ «መኳንንት ከግብፅ ይመጣሉ፤ ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው ቃል ሁለቱን አገሮች በአንድ ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። በእኛ አስተያየት የተቀረጸችው ሴት ልብስና ስም የማይጣጣም የሚመስለው ይህን ለረሳ ሰው ብቻ ነው።

ወይዘሮ ፉለር በ1877 ፊላደልፊያ ተወልደው በ1899 ለትምህርት ፓሪስ ሲደርሱ፣ ለአሜሪካውያት ሴት ተማሪዎች የተዘጋጀው ማደሪያ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት አልተቀበላቸውም። እዚያው ፓሪስ ግን ታላቁ ቀራጺ ኦጉስት ሮዳን ሥራቸውን አይቶ አበረታታቸው። በ1910 ፊላደልፊያ የሚገኝ መጋዘን ተቃጥሎ በውስጡ ያስቀመጡት የ16 ዓመት ድካማቸው አመድ ሆነ፤ ያም ሆኖ ከሦስት ዓመት በኋላ በአሜሪካ ባሮችን ነፃ ያወጣው አዋጅ የታወጀበትን 50ኛ ዓመት የሚያስብ ሐውልት ሠርተው አቀረቡ። ሐውልቱ በጀሶ የተሠራ ስለነበር ነሐስ የፈሰሰለት እሳቸው በ1968 ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1999 ነው። ዛሬ በቦስተን ሳውዝ ኤንድ ባሮችን ነፃ በማውጣት በምትታወቀው በሃሪየት ተብማን ስም በተሰየመው መታሰቢያ ስፍራ ቆሟል፤ ብዙዎቻችን ምን እንደሆነ ሳናውቅ በአጠገቡ እናልፋለን። «ኢትዮጵያ»ም በነሐስ ተሠርታ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ባለው የጥቁሮች ታሪክና ባህል ምርምር ተቋም በሾምበርግ ማዕከል ትገኛለች። ሌሎች በርካታ ሥራዎቻቸውን የያዘው ፍራሚንግሃም ያለው የዳንፎርዝ ሙዚየም ነው።

መታሰቢያውን ትንሽ የነሐስ ቅጂ ለማድረግ ያሰቡ ነበሩ። እኛ ግን ባለቤቲቱ በሌሉበት እጃቸው ያልነካውን ነሐስ በስማቸው ማባዛት አግባብ መስሎ አልታየንም። ስለዚህ የመረጥነው በእንጨት ላይ ተቀርጾ በወረቀት የሚታተም ሥዕል ነው፤ ይህም የሌላ ባለሙያ ሥራ መሆኑን ሳይደብቅ እሳቸውን ያስባል። ሥዕሉን የሚሠራው በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሠለጠነ የማኅበረሰባችን አባል ነው። የሚታተመው 80 ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ግርጌ በስተግራ ተራ ቁጥሩ፣ በስተቀኝ የሠዓሊው ፊርማ በእርሳስ ይጻፋል፤ ሰማንያኛው ቅጂ እንደወጣ እንጨቱ ከጥግ እስከ ጥግ በመሮ ይሰረዝና ዳግመኛ ለኅትመት እንዳይውል ይደረጋል። ከሐውልቷ ምስል ጋር የተያያዘው ፈቃድ ከሚመለከታቸው ወገኖች በጽሑፍ እስኪገኝ ድረስም እንጨቱ ላይ መሮ አያርፍም።

ሥራውን ለመጀመር 7,000 ዶላር ያስፈልገናል። ይህ ለእንጨት፣ ለወረቀትና ለቀለም፣ ለማተሚያ ስቱዲዮ ኪራይ እንዲሁም ለሠዓሊው ድካም የሚከፈል ነው፤ ሠዓሊው በነፃ ልሥራ ቢልም አልተስማማንም፣ ምክንያቱም አንዱን የጥበብ ሰው እያከበርን ሌላውን በነፃ ማሠራት አይገባም። አንዱ ቅጂ 150 ዶላር ስለሚሸጥ ሁሉም ሲሸጥ 12,000 ዶላር ይገኛል። ከወጪ የሚተርፈው 5,000 ዶላር የወይዘሮ ፉለርን ሕይወት በአማርኛ የሚተርክ አነስተኛ መጽሐፍ ለማሳተምና የቅዳሜ አማርኛ ተማሪዎቻችንን ወደ ፍራሚንግሃምና ወደ ሳውዝ ኤንድ ወስዶ ለማስጎብኘት ይውላል። ከዚያም የተረፈ ቢኖር ለሥራዎቻቸው እንክብካቤ እንዲውል ለሙዚየሙ በስጦታ ይሰጣል።

ቅጂ መግዛት የምትፈልጉ አስቀድማችሁ ተመዝግባችሁ ግማሹን ብትከፍሉ ሥራው ቶሎ ይጀመራል። ዕድሮችና ማኅበራት ገንዘብ አዋጥታችሁ አንድ ቅጂ በጋራ ገዝታችሁ በመሰብሰቢያ አዳራሻችሁ ብትሰቅሉት ደስታችን ነው። ቅጂ ሳይወስድ አሥርም ሆነ ሃያ ዶላር የሚሰጥ ሰው፣ ይሁን ካለ፣ ስሙ በመጽሐፉ መጨረሻ ይሰፍራል። ክፍያ በዜል ወይም በቼክ በኮሚቴው ስም ብቻ የሚፈጸም ሲሆን ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይሰጣል፤ የገቢና ወጪው ዝርዝርም በየወሩ መጨረሻ ለሰጪዎች ሁሉ ይላካል። እስከ ጥምቀት ድረስ 7,000 ዶላሩ ካልሞላ ወይም ፈቃዱ ካልተገኘ ገንዘቡ ሳይሸራረፍ ለየባለቤቱ ይመለሳል።

ለልጆቹ ጉብኝት ሰፋ ያለ መኪና ያላችሁ ወላጆች፣ እንዲሁም የመጽሐፉን ረቂቅ አንብባችሁ አማርኛውን ልታርሙልን የምትችሉ መምህራን፣ ገንዘብ መስጠት ባትችሉም ስማችሁን ለኮሚቴው አባላት አስመዝግቡ፤ ሁለቱም ያስፈልጉናል።

የዝግጅት ኮሚቴው