ሰኒዬ፣ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ምን ሞላሽ?

ሰኒዬ፣

ጠፋሁብሽ። ምክንያት ልደርድር ብል ውሸቴን ታውቂዋለሽ፤ ይቅርታዬን ብቻ ተቀበይኝ፣ ስድቡን ስንገናኝ ታደርሽኛለሽ።

ብዕር ያስያዘችኝ ያቺ የላክሻት አጭር መልእክት ናት፦ «ለድብርቱና ለጭንቀቱ ኦንላይን ኮርስ ጀምሬ በሁለት ማታ አራተኛው ክፍል ደረስኩ።» አይ አንቺ! ዛሬም ደብተር በአንድ ሌሊት ትጨርሻለሽ? ይሄ እኮ ፈተና አይደለም። እነዚህ ኮርሶች ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ክፍል አላቸው። ለአንዱ ክፍል አንድ ሳምንት የሚሰጠው ንባቡ ረዝሞ አይደለም፤ ንባቡማ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የሚያድነው በመሃል ያለው የቤት ሥራ ነው። እሱን ዘለሽ አራተኛው ላይ መድረስ የመድኃኒቱን ወረቀት አንብቦ ክኒኑን እንደመተው ነው። ተመለሺ፣ ከሁለተኛው ጀምሪ።

ሁለተኛው እንቅስቃሴን መልሶ ስለመጀመር የሚያወራው መሰለኝ። ድብርት ተንኮለኛ ነው፤ «ደስ ሲለኝ እሠራዋለሁ» ያሰኝሻል፣ ሳትሠሪው ስትቀሪ ደስታው ይብሱን ይርቃል። ስለዚህ ሥራው ይቀድማል፣ ስሜቱ ይከተላል፤ ያውም ወዲያው ላይከተል ይችላል። ሰው የሚሳሳተው ዕቅዱን ሲያገዝፍ ነው። «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ስፖርት እሠራለሁ» ዕቅድ አይደለም፣ ራስን መውቀሻ ነው። «ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ጫማዬን አድርጌ ለ10 ደቂቃ እወጣለሁ» ብለሽ ጻፊ። ከመውጣትሽ በፊት ምን ያህል እንደሚያስደስትሽ ከ0 እስከ 10 ገምቺ፤ ስትመለሺ የሆነውን ከጎኑ አስቀምጪ። 1 ገምተሽ 3 ሲሆን፣ ድብርት ስለነገ የሚነግርሽ ነገር እንደማይታመን በገዛ እጅሽ ጽሑፍ ታይዋለሽ።

የሀሳብ መመዝገቢያው ላይ፣ ማለትም ሁኔታውን፣ ስሜቱንና ሀሳቡን ጽፈሽ የምትመረምሪበት ሠንጠረዥ ላይ፣ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ለምሳሌነት የጠፋሁት እኔው ልሁንልሽ፣ ይገባኛል፤ ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ። ሁኔታው፦ መልእክት ላኩላት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልመለሰችም። ስሜቱ፦ ሐዘን፣ 70 ከ100። ሀሳቡ ጋ ሲደረስ ሰው «ምን አድርጌያት ይሆን?» ብሎ ይጽፋል። ጥያቄ ግን ማስረጃ አይቀርብበትም። ወደ ዓረፍተ ነገር አዙሪው፦ «ሸክም ሆኜባት ሸሸችኝ።» አሁን ይመረመራል። የሚደግፈው፦ አልመለሰችም። የሚቃወመው፦ ከዚህ በፊትም ጠፍታ ጠፍታ ብቅ ብላለች፤ ስንገናኝም ፊቷ አልተለወጠም። መዝጊያው ላይ ደግሞ «በጣም ነው የምትወደኝ» ብለሽ አታሳምሪው፤ የማታምኚበት ሀሳብ አይሠራም። «ለምን እንደጠፋች አላውቅም፤ መዝረክረክ ግን ልማዷ ነው» ይበቃል። ሐዘኑ ከ70 ወደ 50 ከወረደ ሠርቷል፤ 0 አትጠብቂ። (እውነቱን ግን አልሸሸሁሽም፣ እሺ?)

ጭንቀቱ ላይ የምትሸሺያቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሪና ፍርሃቱን ከ100 30 ወይም 40 ከሰጠሽው ጀምሪ። ፍርሃቱ ሲነሳ አቋርጠሽ ከወጣሽ አእምሮሽ «የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይማራል። ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ መግባት፣ የሚናገሩትን ቃል በቃል ሸምድዶ መሄድም ያው ሽሽት ነው፣ ተሸፋፍኖ እንጂ። የትንፋሽ ልምምዱ ደህና ነው፤ «እሱን ካላደረግሁ አልቋቋመውም» ያሰኘሽ ቀን ግን ምርኩዝ ሆኗል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ሞክሮ መተውም አይጠቅምም፤ ያንኑ ደረጃ እስኪሰለችሽ ደጋግሚው። መድኃኒት ካለሽ ደግሞ ኮርስ ጀመርኩ ብለሽ በራስሽ እንዳታቋርጪ።

ብቻሽን መጀመርሽ ግን አሳስቦኛል። ሙድጂም የሚባለው ኮርስ እ.ኤ.አ. በ2001 በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ክፍት ሆኖ ብዙ ሕዝብ ገባበት፤ አምስቱንም ክፍል የጨረሱት ግን በጣም ጥቂት ነበሩ። ኮርሱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ድብርት የሚሰርቀው ያንኑ ለመቀጠል የሚያስፈልገውን ጉልበት ነው። በሳምንት 10 ወይም 15 ደቂቃ «የቱ ጋ ደረስሽ? ምኑ ከበደሽ?» የሚል ሰው ሲኖር የሚጨርሰው ይበዛል፣ ውጤቱም ይሻላል። ሰውዬው ሐኪም መሆን እንኳ የለበትም። ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ እኔ ልደውል? የጠፋ ሰው ይህን ሲል እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ሳቂ፣ ስልኩን ግን አንሺ።

ሌላም... እንዴት እንደምጠይቅሽ ሳሰላስል ነው ይህን ሁሉ የዘባረቅሁት። ኮርሱ መጀመሪያ ላይ ያስሞሉሽ መጠይቅ ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መለኪያ መሆን አለበት። ዘጠኝ ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27። ስላለፉት 2 ሳምንታት ስለሚጠይቅ በየጠዋቱ አትሙዪው፤ አንድና ሁለት ነጥብ ወጣ ወረደ ብለሽም አትደንግጪ፣ የ5 ነጥብ ለውጥ ነው ቁም ነገር የሚነግረን። ድምሩ ግን አንድ ነገር ይደብቃል። ዘጠነኛው ጥያቄ «መሞት ይሻለኛል ወይም ራሴን ልጉዳ» የሚል ሀሳብ መጥቶብሽ እንደሆነ ነው የሚጠይቅሽ። ድምርሽ 8 ሆኖ «ቀላል ድብርት» ሊልሽ ይችላል፣ እዚያች ጋ ግን 1 ሞልተሽ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ቢበዛ አንድ የማስጠንቀቂያ ሳጥን ያወጣልሽና ወደ ቀጣዩ ገጽ ያሳልፍሻል። መጠየቅ ሀሳቡን አያመጣም፣ ይህንን በእርግጠኝነት እነግርሻለሁ፤ ስለዚህ እጠይቅሻለሁ።

ዘጠነኛው ላይ ስንት ሞላሽ?

0 ከሆነ ሐሙስ እንገናኝና ስለ ማክሰኞዋ 10 ደቂቃ ታወሪኛለሽ። ካልሆነ ሐሙስን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ፣ በሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝና ሐኪም ዘንድ አብረን እንሂድ። ሀሳቡ ወደ ማድረግ ካዘነበለ ግን እኔንም አትጠብቂ፤ አጠገብሽ ያለውን ሰው ቀስቅሺና ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ያቺው ዝርክርክ ጓደኛሽ