«ይህን ማን ቆጠረው?»

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ኅዳር መጨረሻ

ቆጣሪው፣ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው? ያ የወገብህ ነገርስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድሬ ሰሞኑን ቀዝቀዝ ብላለች። ቀዝቀዝ ስልህ ያው የኛን ቅዝቃዜ ታውቀዋለህ፣ ማታ ማታ አንሶላ ደረብ እናደርጋለን።

ሰባት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ ቀረሁ። ምክንያት ፈልጌለት ነበር፣ አላገኘሁም። ለእንቁጣጣሽ የላክኸውን መልእክት አነበብኩ፣ ነገ እመልሳለሁ አልኩ፣ ነገው ሳምንት ሆነ፣ በሳምንቱ ላይ መስቀል መጣ፣ ጥምቀት መጣ፣ ከዚያ በኋላ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝ። የመብራት ሰው በር አንኳኩቶ «ቆጣሪ!» ባለ ቁጥር ግን አንተ ትዝ ትለኝ ነበር። አሁን እሱም ቀርቷል፣ ካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ገብቶልናል።

ያስጻፈኝን ልንገርህ። ባለፈው ቅዳሜ ሐረር ላይ የግብርና ኤግዚቢሽን አለ ሲሉ ሰማሁና የልጅ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወተት ከፌስታል የሚታለብ እንዳይመስለው ብዬ ነው የወሰድኩት።

ደንገጎን ስንወጣ ልጁ «ጆሮዬ ተደፈነ» አለኝ። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስተህ ወደ 2,000 መውጣት እኮ ነው። ያኔ ሹራባችንን ከሻንጣ የምናወጣባት ኩርባ ዛሬም እዚያው ናት። ሐረማያ ስንደርስ (አንተ አሁንም «አለማያ» እንደምትል አውቃለሁ፣ ለኛ ዕድሜ ይፈቀዳል) ሐይቁን አየሁት። ውሃ አለው! በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት ሲግጥበት ያየን ሰዎች ይህን እናያለን ብለን አልጠበቅንም ነበር። የድሮውን ያህል ነው ብዬ አልዋሽህም፤ ቢሆንም ሾፌሩን አቁምልኝ ልለው ትንሽ ነው የቀረኝ። አወዳይ ላይ ግን ሳልጠይቀው ቆመ። የጫት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ተሸካሚው መንገዱን ዘግተውት ግማሽ ሰዓት ተገትረን ቆየን።

ስለ መክፈቻው ንግግር የምጽፍልህ የለኝም፣ ድምጽ ማጉያው ሲያንባርቅ ማንም አልሰማም። ትራክተርም ነበር፣ ልጁ ወንበሩ ላይ ካልተቀመጥኩ ብሎ አስቸገረኝ። ከባቢሌ የመጡ ሴቶች ለውዝ በእጅ በሚዞር መፈልፈያ ሲፈለፍሉ አይተናል። በእጅ ለመፈልፈል እንዲቀል ተብሎ ለውዙ ውሃ ከነካው ሻጋታ ይይዘዋል፣ ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል እያሉ ያስረዱ ነበር። የግመል ወተትም ቀመስን። ልጁ «ጭስ ጭስ ይላል» ብሎ ለኔ ተወልኝ። ዕቃው ታጥኖ ነው ብዬ ባስረዳውም አላሳመንኩትም።

አንተን ስለማውቅህ ወደ ሰንጋዎቹ ልውሰድህ። አቦ፣ እንዴት ያሉ ሰንጋዎች መሰሉህ! ቆዳቸው ቅቤ የተቀባ ይመስላል፣ ሻኛቸው ወደ ጎን አዘንብሏል። ልጁ የሐረርጌ ሰንጋ መስክ ላይ ተሰማርቶ የሚደልብ መስሎት ነበር። ባለቤቱን ጠይቀው አልኩት። ጥቂት ዓመት ካረሰ በኋላ ደጃፍ ላይ ይታሰራል፣ ከዚያ ማሽላው ሲሳሳ የተነቀለውን፣ ቅጠሉን፣ አገዳውን እየቆራረጡ በእጅ ያጎርሱታል። ማሽላው ጠቅጠቅ ተደርጎ የሚዘራውም ግማሹ ለዚሁ ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ ሲሰማ ቆየና «እንደ ሙሽራ!» አለ። ባለ ሰንጋው ሲስቅ ከአፉ የጫት ቅጠል ወደቀ።

ጫት ካልኩ አይቀር፣ በዚያ ሁሉ ድንኳን ውስጥ አንዲት የጫት ዛላ አላየሁም። ቡናው አለ፣ ድንቹ አለ፣ ማሩ አለ። የገበሬውን ልጅ ትምህርት ቤት የሚልከው፣ ቤቱን በቆርቆሮ የሚያለብሰው ተክል ግን ጠረጴዛ አልተሰጠውም። ከድንኳኑ ጀርባ ጥላ ሥር የተቀመጡት አስተናጋጆችና ሾፌሮች ግን የራሳቸውን ኤግዚቢሽን ከፍተዋል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

የማሽላው ድንኳን ውስጥ አንዲት ተማሪ የማሽላን ሥር እየመጠጠ ስለሚያድገው አረም፣ ስለ አቀንጭራ ታስረዳለች። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ መሆኑን፣ አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ እንደሚችል፣ የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ካልደረሰው እንደማይበቅል ተናገረች። እኛ ከሰማነው አንድ ቃል አልቀየረችም፣ የተጨመረው መድኃኒቱ ነው። የኛው የአለማያ ግቢ ምሩቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙበትን ሥራ፣ ከሥሮቻቸው ያንን ንጥረ ነገር እምብዛም የማያመነጩትን እነ ጎብዬና አብሽር የተባሉ የማሽላ ዝርያዎችን አስከትላ አስረዳች። ኮራሁ። ምንም ሳላደርግ ኮራሁ!

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግን ከሰልፉ ወጥተው፣ የጎብዬን ቁመት በበትራቸው ለክተው፣ በኦሮምኛ «እህሉስ እሺ፣ አገዳውን ከየት ላምጣ?» አሏት። «የኔ ሙይራ ማሽላ ከኔ በላይ ነው የሚቆመው። በሬዬ የሚበላው፣ ሚስቴ የምታነደው፣ አጥሬ፣ ሁሉም አገዳ ነው።» ልጅቷ ዝም አለች። እኔም ያኔ የመመረቂያ ጽሑፋችን ላይ ስለ ምርት በኩንታል ስንጽፍ ስለ አገዳ አንድ መስመር እንዳልጻፍን ትዝ አለኝ።

ቀጥለው ሰሌዳው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ በበትራቸው ነኩና «ይህን ማን ቆጠረው?» አሉ።

«እኔ» አለች።

«ሁሉንም?»

ልጅቷ ሳቀች። «አንዱን መደብ ዝናብ ከልክሎኝ ነበር፣ በማግስቱ ተመልሼ ሄጄ ቆጠርኩት።»

«እንግዲያ አምንሻለሁ» ብለዋት ሄዱ።

በእጄ የያዝኩት ሳምቡሳ እንደያዝኩት ቀረ። ያ የባቢሌ ቆላ፣ ያ የመጨረሻ ዓመታችን መጣብኝ። አንተ ቆጣሪ፣ እኔ ጸሐፊ። የአቀንጭራውን ወይን ጠጅ አበባ እየዘለልክ «ሦስት፣ አራት» ስትል፣ እኔ እርሳስ ይዤ ስከተልህ። አንተ ወባ ይዞህ የተኛህባትን ቀን ታስታውሳለህ? «የቀረችውን አንዷን መደብ እኔ እቆጥራታለሁ» ብዬህ ነበር። አልቆጠርኩም። ዝናቡ ሲጀምር የዘበኛው ጎጆ ገብቼ ሻይ ጠጣሁ፣ ሲያባራ ደግሞ ጭቃው አሰነፈኝና ቅጹ ላይ 37 ብዬ ጻፍኩ። ለምን 37? የጫማዬ ቁጥር እንኳ አይደለም።

መምህራችን ቁጥሩ ከጎረቤቶቹ መደቦች ጋር አልገጥም ብሎት ሲጠራን፣ ያፈጠጠው ባንተ ላይ ነው፤ ቆጣሪው አንተ ነህና። አንተም «በትኩሳቱ ምክንያት ቀኑን አደባልቄ፣ ቁጥሩን አሳስቼ ነግሬው ይሆናል» አልክ። እኔ እዚያው አጠገብህ ቆሜ ነበር። ከወባ ተነስተህ ሳታገግም፣ ፀሐዩ ላይ ሁሉንም መደብ እንደገና ስትቆጥር ሦስት ቀን ጃንጥላ ይዤልህ ዋልኩ። ደግ ሰው ነህ እያልከኝ። ጃንጥላውን ለምን እንደያዝኩ አሁን ታውቃለህ።

ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፣ ግን በስልክ ቢሆን ወይ አስቅሃለሁ ወይ ወሬ እቀይራለሁ። በወረቀት ስሆን ማምለጫ የለኝም። ከፈለግህ ተቆጣኝ። ለባለቤትህም አንብብላት፣ «ሁልጊዜ ጸሐፊ፣ ጸሐፊ የምትለው ይሄ ነው?» ትበል።

ከኤግዚቢሽኑ ወጥተን ፈረስ መጋላ ሄድን፣ ልጁ አይስክሬም በላ፣ እኔ ሆጃ ጠጣሁ። ሽማግሌውን በር ላይ ደግሜ አግኝቻቸው ነበር። ሰላምታ ስሰጣቸው ከያዙት ውስጥ አንዲት የሙይራ ዛላ ሰጡኝ። ገንዘብ ባወጣ ቆጣ አሉ። ሳሎን ሚስማር ላይ ሰቅያታለሁ፣ ባለቤቴ ፍሬው ወለሉ ላይ እየረገፈ ነው ብላ ትጨቃጨቃለች።

ለቁልቢ ትመጣ ይሆን? የዱሮው ስዕለትህ አለቀ አላለቀ አላውቅም፣ ግን ታኅሣሥ 18 ማታ መንገዱ ሳይጨናነቅ እኛ ቤት ብታድር ሌሊት አብረን እንወጣለን። አልጋ አለ። ስልኬ አልተቀየረም።

ያንተው ጸሐፊ

ደግሞ፦ ያቺን መደብ በመጨረሻ ስትቆጥራት ስንት ወጣ? እኔ 37ን ብቻ ነው የማስታውሰው። አንተ ቁጥር አትረሳምና ጻፍልኝ።