ከስፒከሩ ራቅ በይ፣ ልጄ

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እኔም እናትሽም ደህና ነን።

እህትሽ ሁሉንም ነገረችኝ። አትቆጪያት፤ ጠይቄ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። ባለቤትሽ ከሄደ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚቃ ልትሰሚ እንደምትወጪ፣ ከመድረኩ ሥር ስፒከሩን ተደግፈሽ እንደምትቆሚ፣ ባለፈው እሑድ ደግሞ ጆሮሽ ሲጮኽብሽ እንደዋለ ሰማሁ። ዘመዶች የሚያወሩት ሌላ ነው። «ባሏ ባሕር ማዶ ሄዶ እሷ ጭፈራ ላይ ናት» ይላሉ። እሱን ለእኔ ተዪው፤ አክስትሽን አነጋግሬያታለሁ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ጆሮሽ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይኸን ልበልሽ። ከስፒከሩ ፊት አትቁሚ።

መሄዱንማ ሂጂ። ጸደይ ባልሽ እስኪመለስ አይጠብቅም። ከማርች 20 ወዲህ ቀኑ ከሌሊቱ እየረዘመ ነው፤ ከሥራ ስትወጪ ገና ብርሃን ነው። ያን ብርሃን መጋረጃ ዘግተሽ ስልክ እያየሽ አታሳልፊው። የሙዚቃው ቦታ ቅርብ ከሆነ በእግርሽ ሂጂ፤ ያበቡትን ዛፎች እያየሽ። ስትመለሺ ግን ታክሲ ያዢ። ብቻሽን በሌሊት በእግርሽ እንዳልሰማ።

ደስ ሲልሽም አትሸማቀቂ። ባለቤትሽ ናፍቆሽ እያለ መሳቅ ትችያለሽ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ሲደውል የት እንደነበርሽ፣ ማን እንደዘፈነ፣ የትኛው ዘፈን እንደነካሽ ንገሪው። ደብቀሽው የምትሄጂ ከሆነ ግን ቤትሽ ተቀመጪ። ይኸን የምልሽ ስለማምንሽ ነው።

የሰፈራችሁን ባንድ መምረጥሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ትልልቅ ዘፋኞች በየስታዲየሙ ይታያሉ፤ ከሩቅ፣ በስክሪን። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ግን ቤዝ ጊታሪስቱ ዜማው ከመዞሩ በፊት ድራመሩን በዓይኑ ሲጠራው ታያለሽ። ሰው ከወደደው ዘፈኑ ይረዝማል፤ ካልሞቀለት ያጥራል። እኔም ሳክስፎን ስነፋ፣ ከመድረክ ላይ ሆነን እናንተን አድማጮችን እናይ ነበር። ኋላ ቆማ ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን የምትወዘውዝ አንዲት ሴት ካለች፣ ሳክስፎኑን ለእሷ ነው የምትነፋው። ስለዚህ «አውቃቸዋለሁ» ብለሽ በነፃ አትግቢ፤ በሩ ላይ ክፈዪ። ቅጂ የሚሸጡ ከሆነ ግዢ። ሲጨርሱም ሄደሽ የወደድሽውን ዘፈን ስሙን ጠርተሽ ንገሪያቸው። አንድ ሙዚቀኛ በእንዲህ ያለ ቃል ስንት ጊዜ እንደሚኖር አታውቂም።

እኔ ስነፋ ድራመሩ በግራዬ ነበር። አዳራሹ ጠባብ ስለሆነ የድራሙ የነሐስ ሳህኖች ትከሻዬን ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም። በተመቱ ቁጥር የሚያርፉት ግራ ጆሮዬ ላይ ነው። ሌሊት ስንወጣ ሁላችንም ጆሯችን ይጮኻል፣ እንደ ጥጥ የታፈነ ይሆናል። ጥሩ የተጫወትንበት ምልክት ይመስለን ነበር። ተው የሚለን፣ የጆሮ መሰኪያ የሚያቀብለን ሰው አልነበረም። ጠዋት ላይ ስለሚተወን እንረሳዋለን።

ከዓመታት በኋላ፣ አንድ የጸደይ ጠዋት፣ ከእናትሽ ጋር መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብለን ነበር። ቅርንጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። አፏ ተከፍቷል፣ ጉሮሮዋ ይርገበገባል፣ ደረቷ ይነፋል። እናትሽ «እንዴት ያለ ድምፅ ነው!» አለችኝ። እኔ ጋ ምንም የለም። መስኮቱ ተዘግቶ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ነካሁት። ክፍት ነበር።

ሐኪሙ በኋላ አስረዳኝ። በከፍተኛ ድምፅ የሚመጣ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርትዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ባለው ቀጭን ድምፅ ላይ ነው። ብዙ ወፎች የሚዘምሩት እዚያው አካባቢ ነው። «ስ» እና «ፍ»ን የመሳሰሉ ድምፆችም ቀጫጭን ናቸው። ለዚህ ነው ሰው ሲያወራኝ ድምፁን እየሰማሁ ቃሉ የሚጠፋብኝ። አንቺም ስትደውዪ ሁለቴ ሦስቴ የማስደግምሽ በሌላ አይደለም።

አሁን ባልሽን አስቢው። እስኪመለስ ድረስ ያለሽ ድምፁ ነው። እሱን የምትሰሚበትን ጆሮ ለስፒከር አትስጪ።

ጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ገደማ ናቸው፤ ይዘሽው የተወለድሽው ነው። እንደ ሣር ናቸው፤ አንዴ ሲረገጡ ተኝተው ይነሳሉ፣ ሁልጊዜ ሲረገጡ ግን ይደርቃሉ። የደረቀው ደግሞ በሰው ላይ አይበቅልም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ለሠራተኞች ያወጣው መመሪያ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀርሽ! የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቦታዎች ባወጣው መመዘኛ የ15 ደቂቃው አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ለአድማጩ የጆሮ መሰኪያና ጸጥ ያለ ማረፊያ እንዲዘጋጅለት ይላል። እናንተ ጋ ማረፊያ ከሌለ በረንዳው ይበቃል። በየመሀሉ ወጣ በይ፤ አየሩም ጥሩ ነው።

የጆሮ መሰኪያ ግዢ። ጥጥና ሶፍት አይሆንም፣ ድምፁን አያስቆመውም። ከስፖንጅ የተሠራውን በጣቶችሽ አጥብቀሽ አሹሪና አቅጥኚው። በሌላው እጅሽ ጆሮሽን ከኋላ ወደ ላይ ሳብ አድርጊ፣ አስገቢው፣ እስኪነፋ ድረስ በጣትሽ ያዢው። ከውጭ ተንጠልጥሎ የሚታይ ከሆነ አልገባም ማለት ነው። ሙዚቃው ይታፈንብኛል ካልሽ ለሙዚቀኞች የሚሠራ አለ፤ ቀጭኑንም ወፍራሙንም በእኩል ነው የሚቀንሰው። ትንሽ ይወደዳል። ይወደድ፣ ግዢው።

መሰኪያ አድርጌያለሁ ብለሽ ደግሞ ተመልሰሽ ስፒከሩ ሥር እንዳትሄጂ። ወደ ኋላ፣ ድምፅ የሚያስተካክለው ልጅ ወደሚቆምበት። እሱ ሁሉንም መሣሪያ ለክቶ የሚያዋህደው በሚሰማው ልክ ነው፤ ያ ቦታ ጥሩ ነው።

ለባለቤትሽ ቀድተሽ ላኪለት፤ ግን አንድ ዘፈን ብቻ። ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ስክሪን አትዪው። ቅጂውም ቢሆን ከስፒከሩ ስትርቂ ነው የሚጠራው፤ አጠገቡ ሲሆን የስልኩ ማይክ አይችለውም፣ ይንኮሻኮሻል። አየሽ፣ ለስልክሽም አይበጀውም።

ሌላም ላኪለት። እሱ ያለው ከምድር ወገብ በታች ነው፤ አንቺ ጋ ዛፉ ሲያብብ እሱ ጋ ቅጠሉ እየረገፈ፣ ቀኑ እያጠረ ነው። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነሺና መስኮትሽን ክፈቺ። በጸደይ ወፎች ከሁሉ ይልቅ የሚጮኹት ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዘማሪው ወንዱ ነው፤ ክልሉን ያስከብራል፣ ሴቷን ይጠራል። ትንሽ ቀድተሽ ላኪለት። ለእኔ አትላኪልኝ፤ ለእኔ ብትነግሪኝ ይሻለኛል። ምን ዓይነት ወፍ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደጋግም፣ ስትነግሪኝ ደስ ይለኛል።

የስልክ ቀጠሯችሁንም አስተካክሉ። እናንተ አገር በጸደይ ሰዓቱ ወደፊት ይገፋል፤ የእሱ አገር አብሮ አይገፋም። ባለፈው ዓመት በዚሁ ምክንያት ተኳርፋችሁ ነበር።

አሁን የምልሽን ሳታዘገዪ አድርጊ። የጆሮሽ ጩኸት እስካሁን ካልለቀቀሽ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዢ። ለቆሽም ከሆነ አንድ ጊዜ የመስማት ምርመራ ተመርመሪ፤ ወደፊት የምታወዳድሪበት ይኖርሻል። አንድ ጆሮሽ ድንገት አልሰማ ካለሽ ግን አታሳድሪው፣ በዚያው ቀን ሂጂ። ቶሎ ሲታከም ነው ተስፋው።

ቅዳሜ የሚጫወቱት እነዚያው ልጆች ናቸው አሉ። ሳክስፎን የሚነፋውን «አባቴ የድሮ ሳክስፎኒስት ነው፤ በድራሙ በኩል ያለውን ጆሮህን ሸፍን ብሎሃል» በዪልኝ። የጆሮ መሰኪያውን ሁለት ጥንድ ግዢና አንዱን ለእሱ ስጪው። አንቺም ከኋላ ቁሚ፤ ከስፒከሩ ራቅ በይ። እሑድ ከቀትር በኋላ ደውዪልኝ፣ እናትሽም ትጠብቅሻለች።

አባትሽ